ያላበደው ውሻ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን ውሻ ሰው ነከሰ የተባለ እንደ ሆነ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም «ውሻው አብዷል ወይስ አላበደም?» የሚል ነው። አብዷል የተባለ እንደ ሆነ ጩኸቱ፣ ዱላው፣ ወደ ሐኪም ቤት መገስገሱ ይከተላል። አላበደም ከተባለ ግን ሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን!» ይልና ወደየቤቱ ይበተናል። የተነከሰውም ሰው ቁስሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያመልጥ የለም ማለት ይቻላልና፣ አስቀድሞ መጠየቅ አስተዋይነት ነው። እኔ ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁት ግን ከእርሱ ቀጥሎ ሊጠየቅ ስለሚገባው፣ ነገር ግን ማንም ስለማይጠይቀው ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ እኔ ራሴ የሳይንስ መምህር ሆኜ ሳለሁ ሳልጠይቅ በመቅረቴ አንድ ተማሪዬ ተጎድቷል። ስለዚህ ጽሑፉን እንደ ትምህርትም እንደ ኑዛዜም አድርገው ይቀበሉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ ሐሙስ ጧት ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ፣ በፊተኛው መደዳ የሚቀመጠው ልጅ ቀኝ እጁን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልሎ አየሁት። ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው ትናንት ማታ ውሻ እንደ ነከሰው ነገረኝ። እኔም እንደ ማንኛውም ሰው «ውሻው የታወቀ ነው?» አልሁት።

«አዎን መምህር፤ የጎረቤታችን ቡቺ ነው። ክትባትም ተከትቧል፤ ወረቀቱን አሳይተውናል» አለኝ።

ጨርቁን ገለጥ አድርጌ ባየው፣ ቁስሉ ከሌባ ጣቱ ሥር ያለ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ቀዳዳ ነው። እናቱ የቡና ዱቄት ነስንሰውበታል፤ ደሙም ቆሟል። «እንግዲያውስ ምንም አይደል፤ ተቀመጥ» አልሁትና ወደ ሰሌዳው ተመለስሁ። በዚያን ቀን የማስተምረው ትምህርት ስለ ባክቴሪያ መሆኑን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቀላል።

ዓርብ ጧት እጁ እንደ ቡሄ ሙልሙል አብጦ መጣ። ብዕር መያዝ ስላቃተው ወደ ቤቱ ሄዶ እንዲያርፍ ፈቀድሁለት። ቅዳሜ ዕለት የልጁ እናትና የውሻው ባለቤት በነገሩ ተቀያይመው ኖሮ፣ የሰፈር ሽማግሎች ገብተው ቡና ተፈልቶ አስታረቋቸው። በመጨረሻም እንደ ልማዳችን «ውሾን ያነሣ ውሾ ይሁን!» ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ውሻውን ያነሣ አልነበረም፤ የልጁንም እጅ ያነሣ አልተገኘም። እናቱ ብቻ ከመድኃኒት ቤት ለቁስል የሚሆን ክኒን ገዝተው ያውጡት ጀመር።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ቀረ። ማክሰኞ ቤቱ ድረስ ብሄድ ትኩሳት አቃጥሎት፣ ቅላቱም ከእጁ ተነሥቶ እስከ ክንዱ እንደ ክር ተስቦ አገኘሁት። እናቱ አልተቈጡኝም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፣ እርስዎ ‹ምንም አይደል› ብለዋል ብሎኝ እኮ ነው ሐኪም ቤት ሳልወስደው የቀረሁት» አሉኝ።

ወዲያው ወሰድነው። ሐኪሙ እጁን ተመልክቶ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ውሻው ማበድ ነበር፤ መልሱን ሰማ። ቀጥሎ ግን «ለመሆኑ በተነከሰ ጊዜ ቁስሉ በሳሙናና በውኃ ታጥቧል?» አለ። እናቲቱ እኔን ተመለከቱ፤ እኔም መሬት መሬቱን አየሁ።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። የእብድ ውሻ በሽታን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ የሚገኘውም በበሽታው በተያዘ ውሻ ምራቅ ውስጥ ነው። ባክቴሪያዎች ግን ፍጹም ጤነኛ በሆነው፣ በተከተበው፣ ልጆች ጀርባውን በሚያሹት ውሻ አፍ ውስጥ ዘወትር አሉ። ለውሻው ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ምንም አያደርጉትም። በጥርሱ ተጭነው ከሰው ሥጋ ውስጥ የገቡ ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ «ውሻው ጤነኛ ነው» ማለትና «አፉ ንጹሕ ነው» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንዳንድ ሰዎች የውሻ ምላስ መድኃኒት ነው ይላሉ፤ ውሾች የአልዓዛርን ቁስል ይልሱ እንደ ነበርም ያስታውሳሉ። ነገር ግን በወንጌል ያ የተነገረው የድኻውን መከራ ለማሳየት ነው እንጂ ሕክምና ሊያስተምረን አይደለም። ከዚህ ይልቅ ውሻ የላሰውን ድስት በአመድና በፈላ ውኃ ካላጠቡ መልሰው የማይጠቀሙበት እናቶቻችን ትክክለኛውን መንገድ ይዘው ኖረዋል። ለድስታችን ያደረግነውን ጥንቃቄ ለእጃችን መንፈጋችን ግን የሚገርም ነው።

ለመሆኑ ያች የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ያን ያህል እንዴት ከፋች? የውሻ ጥርስ ወደ ሥጋ የሚገባው ወስፌ ወደ ስፌት እንደሚገባው ነው። ከላይ የሚታየው ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ብዙ ነው። ጥርሱ ሲወጣ ቆዳው መልሶ ይገጥምና ምራቁ፣ ፀጉሩ፣ ቆሻሻው ከውስጥ ተዘግቶበት ይቀራል። በተለይ በእጅ ላይ ጅማቶቹና መገጣጠሚያዎቹ ከቆዳው ሥር ቅርብ ናቸው። ጅማቱ በሽፋኑ ውስጥ እንደ ሰይፍ በአፎቱ ስለሚመላለስ፣ መግል አንዴ ከገባ በዚያው መንገድ ወደ ላይ ይጓዛል። የቡና ዱቄትም ሆነ ሌላ ነገር ስንነሰንስበት ቀዳዳውን እንደ ቡሽ ደፍነን ሌላ ቆሻሻ ጨመርንበት ማለት ነው። ሐኪሞችም እንዲህ ያለውን ጠባብና ጥልቅ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ሳይሰፉ ክፍቱን የሚተዉት ስለዚህ ነው፤ «ሳይሰፉኝ ሰደዱኝ» ብሎ ማማረር አይገባም።

ከእነዚህ የአፍ ባክቴሪያዎች ዋነኛው ፓስቴሬላ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከዝነኛው ፈረንሳዊ ሊቅ ከሉዊ ፓስተር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ፓስተር በ1880 ገደማ የዶሮ ኮሌራ የሚባለውን በሽታ ሲመረምር የደከመበት ተውሳክ የዚሁ ወገን ነው። በሐምሌ ወር 1885 ደግሞ ዮሴፍ ሜስተር የተባለውን በእብድ ውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት አተረፈ። እንግዲህ በሁለቱም ጥያቄዎቻችን ደጃፍ ላይ የቆመው አንድ ሰው ነው፤ ዓለም ግን የመጀመሪያውን አስታውሶ ሁለተኛውን ረስቶታል።

በ1999 በአሜሪካን አገር ታትሞ በወጣ ጥናት፣ ከመረቀዙት የውሻ ንክሻዎች ውስጥ በግማሹ ያህል ፓስቴሬላ ተገኝቷል። ከሌሎቹ ተውሳኮች የሚለየው በፍጥነቱ ነው። ሰውየው በተነከሰ በአንድ ቀን ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ሰዓት፣ ቁስሉ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል፣ መግል ይይዛል። ረቡዕ ማታ የተነከሰው ተማሪዬ ዓርብ ጧት ያበጠው በዚህ ምክንያት መሆኑን ሐኪሙ አስረዳን።

«ታዲያ ክኒኑን ሲውጥ አልነበረም ወይ?» ይሉ ይሆናል። ይህ ለብዙዎቻችን የሚጠቅም ነገር ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። እናቱ የገዙለት ክሎክሳሲሊን ነበር። ይህ መድኃኒት ለእባጭና ለልዩ ልዩ የቆዳ ቁስል በሰፊው የሚታዘዝ፣ በቦታው መልካም የሆነ መድኃኒት ነው፤ ለፓስቴሬላ ግን እምብዛም አይረዳም። ኤሪትሮማይሲንም እንዲሁ ነው። ለውሻ ንክሻ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሚመርጡት አሞክሲሲሊን ከክላቭላኒክ አሲድ ጋር የተቀላቀለበትን ነው፤ ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሰው ደግሞ ሌላ አለ። ይህን የምጽፈው እርስዎ ራስዎ ሄደው እንዲገዙት አይደለም። ቁስል ሁሉ አንድ፣ ክኒንም ሁሉ አንድ እንዳልሆነ፣ የንክሻ መድኃኒት በግምት እንደማይገዛ እንዲያውቁት ነው። እኒያ እናት ገንዘባቸውን አውጥተው፣ ሰዓቱን ጠብቀው፣ ልጃቸውን እያጎረሡ ያዋጡት መድኃኒት ሦስት ቀን ሙሉ በከንቱ ሄደ።

ከፓስቴሬላ ይልቅ ብርቅ የሆነ፣ ነገር ግን እጅግ የከፋ ሌላ ተውሳክ አለ። ስሙን ሲጠሩት ምላስ ያደናቅፋል፤ ካፕኖሲቶፋጋ ካኒሞርሰስ ይባላል። የኋለኛው ቃል በላቲን ቋንቋ «የውሻ ንክሻ» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ሐኪሞች ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የገለጡት በ1976 ሲሆን፣ ይህ ስም የተሰጠው በ1989 ነው። በጤነኛ ውሾች አፍ ውስጥ በብዛት የሚገኝ ሲሆን አብዛኛውን ሰው ምንም አያደርገውም። በጥቂቶች ላይ ግን ወደ ደም ይገባና በጥቂት ቀናት ውስጥ ትኩሳት፣ ትውከት፣ የሐሳብ መምታታት ያመጣል፤ የጣቶችና የእግር ደም እየረጋ ሥጋው ይጠቁራል። እንዲህ ጠንክሮ ከያዛቸው ከ10 ሰዎች 3 ያህሉ ይሞታሉ። ለዚህ ንክሻ የግድ አይደለም፤ ውሻ ቁስልን በመላሱ ብቻ የታመሙ ሰዎች በሐኪሞች መጽሔቶች ተመዝግበዋል።

ይበልጥ ሊጠነቀቁት የሚገባቸውም የታወቁ ናቸው። በመኪና አደጋም ሆነ በሕመም ምክንያት ጣፊያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣ፣ መጠጥ ያዘወተሩ፣ ካንሰር ወይም ኤች አይ ቪ ያለባቸው፣ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያደክም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። ጣፊያ ደምን ከባክቴሪያ የሚያጠራ ወንፊት ስለ ሆነ፣ እርሱ የሌለው ሰው ጥቂት የውሻ ጭረት እንኳ ቢያገኘው በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ጣፊያ እንደሌለውም ሳይጠየቅ ይናገር።

መንጋጋ ቆልፍም መዘንጋት የለበትም። የዚህ በሽታ ባክቴሪያ መኖሪያው አፈር ነው። ጥልቅና የተደፈነ፣ አየር የማይደርስበት ቁስል ደግሞ ይስማማዋል፤ የውሻ ንክሻም እንዲህ ያለ ቁስል ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ ተከተቡ?» ቢልዎ ያለ ምክንያት አይደለምና ዘመኑን ለማስታወስ ይሞክሩ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ አፉ ነው። ውሻ ግን በሌላም በኩል ተውሳክ ሊያስተላልፍ ይችላል። ሌፕቶስፓይራ የሚባለው እንደ ምንጭ ሽቦ የተጠማዘዘ ባክቴሪያ በውሻና በአይጥ ኩላሊት ውስጥ ይኖራል፤ ከሽንት ጋር ይወጣና በረጋ ውኃና በጭቃ ውስጥ ይቆያል። ሰውም በተላጠ ቆዳው ወይም በዓይኑና በአፉ በኩል ይይዘዋል። ትኩሳቱ፣ ራስ ምታቱ፣ በተለይም የባት ሥጋ ሕመሙ ወባን ወይም ታይፎይድን ስለሚመስል ብዙ ጊዜ በእነርሱ ስም ይታከማል፤ ሲጠነክር ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፤ ኩላሊትንም ያደክማል። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ቫይል ይህን ከባዱን ዓይነት በ1886 ገልጦታል። በክረምት የውሻውን ማደሪያ በባዶ እግርዎ የሚጠርጉ ከሆነ ቦቲ ጫማ ያድርጉ፤ ትኩሳት ይዞዎት ሐኪም ዘንድ የሄዱ እንደ ሆነም ውሻ እንዳለዎት ይንገሩት።

ልጆች የሚወዱት ቡችላ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቡችሎች ካምፒሎባክተር የሚባለውን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ በሆዳቸው ይዘው ይገኛሉ፤ በዓይነ ምድራቸው ይወጣል፤ ከፀጉራቸውም ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ያልፋል። ከ2016 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በአሜሪካን አገር ከመሸጫ መደብር በተገዙ ቡችሎች ምክንያት ከ100 የሚበልጡ ሰዎች በዚህ በሽታ ታመዋል። የከፋውም፣ ቡችሎቹ በብዛት መድኃኒት ሲሰጣቸው ስለ ኖረ ባክቴሪያው ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደ ሆኖ መገኘቱ ነው። መከላከያው ግን ርካሽ ነው፤ ከቡችላ ጋር የተጫወተ ልጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይንካ።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ይህን ሁሉ ካነበቡ በኋላ ዱላ አንሥተው ወደ ደጅ እንዳይወጡ! ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ከጅብና ከሌባ ሲጠብቀን የሚያድር፣ ፍርፋሪ ጥለንለት ታማኝነቱን የማያጓድል ፍጡር ነው። ክፋት ኖሮት ያመመን ውሻ የለም። ያለ እውቀት የምንኖር እኛ ነን። ተማሪዬን የጎዳውም ከቡቺ ይልቅ የእኔ «ምንም አይደል» ማለት ነው።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የሚከተለውን በልብዎ ይያዙልኝ።

አንደኛ፤ ውሻ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው፣ ውሻው የማንም ይሁን፣ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ። ቧንቧ ከሌለ አንድ ሰው በጣሳ እየቀዳ ያፍስስለት፤ ሳሙናው የልብስም ቢሆን ይሠራል። 15 ደቂቃ ረጅም መስሎ ይታያል፤ አንድ ጊዜ ቡና ከሚፈላበት ግን አይበልጥም። ይህ አንድ ሥራ ሁለቱንም ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ያገለግላል፤ የእብድ ውሻውን ቫይረስም፣ የጤነኛውን ውሻ ባክቴሪያም ይቀንሳል።

ሁለተኛ፤ ቡና፣ ቅጠል፣ ቅቤ፣ አመድ ምንም ነገር አይነስንሱበት፤ ንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርገው ይሸፍኑት።

ሦስተኛ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልግ እንደ ሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ውሻው የታወቀ ከሆነ ሳይገደል 10 ቀን ይጠበቅ፤ ነገር ግን «10 ቀን ልጠብቅና እሄዳለሁ» አይበሉ፤ ክትባቱ ተጀምሮ ውሻው ደኅና ሆኖ ሲገኝ ማቋረጥ ይቻላልና። ንክሻው በእጅ፣ በፊት ወይም በመገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ተነካሹም ሕፃን፣ ሽማግሌ ወይም ጣፊያ የሌለው ከሆነ ከቶ ማመንታት የለም።

አራተኛ፤ በሚቀጥሉት ቀናት ቁስሉን በየጧቱ ይመልከቱ። ቅላት፣ እብጠት፣ የሚጠዘጥዝ ሕመም ወይም ትኩሳት ካዩ፣ የሰጡዎት መድኃኒት ቢኖርም እንኳ ተመልሰው ይሂዱ።

አምስተኛ፤ ውሻ ያለው ሰው ውሻውን በየጊዜው ያስከትብ፤ ውሻ የሕፃን ፊትና የሰው ቁስል እንዳይልስ ይከልክል።

ተማሪዬ በዚያ ማክሰኞ እጁ በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ መግሉ ወጣለት፤ ዘጠኝ ቀን ተኝቶ ዳነ። የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም። ልጁ ዛሬ አሥረኛ ክፍል ነው፤ ብዕሩን በአውራ ጣቱና በመሐል ጣቱ መካከል ይዞ ይጽፋል። በፈተና ቀን ጓደኞቹ ወረቀታቸውን ሰጥተው ሲወጡ እርሱ ገና ይጽፋል። እኔም ወረቀቱን ሳልቀበለው አጠገቡ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። የሚጠበቀው የአንድ ረቡዕ ማታ 15 ደቂቃ ዕዳ መሆኑን እርሱም አይናገርም፤ እኔም አልረሳውም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ነገ በሰፈርዎ «ውሻው አብዷል ወይ?» የሚል ጩኸት የሰሙ እንደ ሆነ፣ እርስዎ ውኃና ሳሙና ይዘው ይድረሱና ሁለተኛውን ጥያቄ ይጠይቁ። ለሳምንት በደኅና ያገናኘን።